የእዝን ሳሙና

ውድ ኤኒፋ፣

ሳሙናው ደርሶኛል። ጨርቁም ደርሶኛል። ይዘውልኝ የመጡት የመንደሩ አለቃ ካምቤዋ ራሳቸው ናቸው፤ ብስክሌታቸውን ከአጥሩ አስደግፈው፣ "ማሊታ ልጄ፣ ጓደኛሽ ብላንታየር ገብታም አልረሳችሽም" ብለው ጥቅሉን እስክፈታው ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፈታሁት። ያው አረንጓዴው ሳሙና ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ባገለደምኩት ቺቴንጄ ጫፍ አፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ፓፓያው ሥር ተደፍቼ አስመለስኩ። አለቃ ደንግጠው ተከተሉኝና፣ "ምነው? እርጉዝ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

ከዚህ የጀመርኩት ልታውቂው ስለሚገባ ነው። የላክሽልኝ ስጦታ አስመለሰኝ። አሳምሬ ልጻፈው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ፊደል ስታስተምሪኝ፣ "ማሊዬ፣ የሚያምረውን ሳይሆን ማለት የፈለግሽውን ጻፊ" ያልሽኝ ደግሞ አንቺው ነሽ።

ያን ጊዜ ታስታውሺው ይሆን? አንቺ ከትምህርት ቤት እስክትመለሺ እኔ በቆሎ እየወቀጥኩ መንገድ መንገዱን አያለሁ። አባቴ ለሴት ልጅ ሙቀጫ ይበቃታል ይል ስለነበር ትምህርት ቤት የሚባለውን ከአጥሩ ውጪ ነው የማውቀው። አንቺ ያለቀ ደብተርሽን ታመጪልኛለሽ፤ እኔ የተቀደደውን ገጽ ሳይቀር አጠራቅማለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ ስትሄጂ ገበያው አስተማሪዬ ሆነ። ሴቶቹ የጠበሱትን ትኩስ ማንዳሲ የሚጠቀልሉበትን ዘይት የጠጣ ጋዜጣ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነብ ነበር። ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ነው። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

የጥናቱን ሥራ አግኝተሽ ወደ መንደራችን ወደ ምቶንዶ ስትመለሺ መንደሩ በሙሉ ደስ ብሎት ነበር። ሥራው እንግዳ ቢሆንብንም የእኛ ልጅ በመኪና ስትመጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት፣ ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ያቺ ነጭ መኪና ትመጣለች። አንቺ ትወርጃለሽ። ሟቹን ያስታመመውን ሰው ጥላ ሥር ታስቀምጪና መልሱን ታብሌትሽ ላይ እየሞላሽ ትጠይቂያለሽ፤ ትኩሳት ነበረው? አስሎት ነበር? ሰውነቱ አብጦ ነበር? አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ጠይቄሽ፣ "ማሊዬ፣ በዚህ አገር ሰው ሐኪም ሳያየው ነው የሚሞተው። በምን እንደሞተ ከዘመዱ አፍ ካልተለቀመ ማንም አያውቀውም። ካልታወቀ ደግሞ የትኛው መድኃኒት የት ይላክ?" አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ዛሬም እውነት ነው እላለሁ። ያስጠላኝ ጥያቄው እንዳይመስልሽ።

ጠይቀሽ ስትጨርሺ የእዝን ብለሽ አንድ ሙሉ አረንጓዴ ሳሙናና ስኳር ትሰጪያለሽ። ልጆች መኪናዋን "ሳሙና" ብለው ስም አወጡላት። ከሩቅ አቧራ ሲያዩ፣ "ሳሙና መጣች! ዛሬ የማን ቤት ነው?" እያሉ ይሮጣሉ። ያሳለ ሰው ካለ፣ "ኧረ ቀስ፣ ሳሙና ትሰማሃለች!" ይባላል። ውኃ ልንቀዳ ፓምፑ ጋ ስንሰለፍ ልብሷ የነጣ ሴት ከመጣች፣ "አቤት ንጣት! ማን ሞተብሽ?" እንላታለን። እሷም ትስቃለች። ሁላችንም እንስቃለን። ከመሳቅ ሌላ ምን ነበረን?

የቢቶንን ነገር መቼም አልረሳሽውም። ስኳር አምሮት አማቱን፣ እማማ ሊኔስን፣ ሞቱ ብሎ አስወራ። አንቺ አዝነሽ መጣሽ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሽ ገና ታብሌቱን ስትከፍቺ እማማ ሊኔስ የዱባ ቅጠል በሳህን ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

ቢቶን መሬት መሬቱን አየ። አንቺ አፍረሽ፣ "እማማ፣ እርስዎ ነዎት" አልሽ።

"እኔ? ታዲያ ይሄን ጅል ምን ትጠይቂዋለሽ? እኔን ጠይቂኝ እንጂ! ስለ እኔ ሞት ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?" ሳህኑን አስቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። "ጻፊ። ትኩሳት የለም። ሳል የለም። አማች አለ።"

"እማማ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጠይቅም።"

"ሳሙናውስ?"

"እሱም ለሞተ ሰው ቤት ነው።"

"ወይ ጉድ! የሚታጠብ ገላ እያለኝ አምጡት እንጂ! ከሞትኩ በኋላማ ቢቶን ሊታጠብበት ነው፤ እሱ ደግሞ ታጥቦ አያውቅም!"

እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ሾፌሩ ላክሰን መሪው ላይ ተደፍቶ ይንፈቀፈቃል። እኔም ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው እማማ ሊኔስ የቀለዱ አይመስለኝም።

ከዚያ የዶሊካ ቀን መጣ።

ስለዚያ ቀን እስካሁን አንድም ቃል አልነገርኩሽም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፤ ታብሌቱ ነው የጠየቀኝ። ስለዚህ አሁን እኔ በራሴ አፍ ልንገርሽ።

ጥጥ የሚለቀምበት ጊዜ ነበር። የዶሊካ እናት፣ እህቴ ኤኔሌስ፣ ለለቀማ ወንዙን ተሻግራ ሄዳለች። የዶሊካ ባል እንደምታውቂው ጆሃንስበርግ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከእኔ ጋር ነበረች። ልትወልድ ጥቂት ቀርቷታል። ጠዋት ውኃ ቀድታ ስትገባ ባልዲውን እንኳ ሳታወርድ፣ "አክስቴ፣ አንድ ነገር እየወረደኝ ነው" አለችኝ። ቁልቁል አየሁ። ደም ነው። አልጮህኩም። ምናልባት ይቆም ይሆናል አላልኩም። መድኃኒት አዋቂ ልጥራ አላልኩም። ባልዲውን ከራሷ ላይ አውርጄ ሮጥኩና በብስክሌት ሰው የሚያመላልሰውን ፍራንኮን ከገበያ አመጣሁት። ውኃው ባልዲው ውስጥ ገና ሲወዛወዝ ወደ ሐኪም ቤት ወጥተናል፤ እንደዚያ ነው የማስታውሰው።

ፍራንኮ ከኋላው አስቀመጣት። እንዳትወድቅ ደረቷን ከጀርባው ጋር በቺቴንጄ አሰርኩት። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። ደሙ በኋላ ጎማው ሽቦዎች ላይ እየወረደ በየዙሩ እኔ ላይ ይረጫል። ይህን የጻፍኩት እንዲቀፍሽ ብዬ ነው።

ጥጥ መጋዘኑ ጋ ሳንደርስ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሳሙና ናት። "ተመስገን!" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ብዬው አላውቅም። መንገዱ መሀል ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ላክሰን ቆመ። መስኮቱ በግማሽ ወረደ፤ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ፊቴን ነካኝ። አንቺ ከፊት ተቀምጠሻል። የኋላው ወንበር ላይ የሳሙና ካርቶን ተደርድሯል።

"ኤኒፋ! ዶሊካ ናት! ደም እየፈሰሳት ነው፣ ክፈቺልኝ!"

አንቺ ላክሰንን አየሽው። ላክሰን መንገዱን አየ።

"እትዬ ማሊታ፣ በሽተኛ መጫን ተከልክለናል" አለኝ። "ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። አንድ ጠብታ ወንበሩ ላይ ከተገኘ እኔ ከሥራ ወጣሁ ማለት ነው።"

"ወንበሩን እኔ አጥበዋለሁ! ሳሙና ሞልቷችሁ የለ!"

"ማሊዬ" አልሽ አንቺ። ድምፅሽ ተለሳልሷል። "ማሊዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም። ቢሮ እደውላለሁ። እናንተ ግን ቆማችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ሂዱ፣ ሂዱ።"

መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ። ላክሰን አቧራው እንዳይበዛብን ቀስ ብሎ አለፈን። ያቺን ደግነት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ቢሮ ደውለሽ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዶሊካ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "አክስቴ፣ ሄዱ እንዴ?" አለችኝ።

"ዞረው ይመጣሉ" አልኳት።

ከመጋዘኑ አለፍ ብሎ ዓሣ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ማንጎ አለ። እዚያ ስንደርስ ፍራንኮ መርገጡን ተወ። "እትዬ" አለኝ ሳይዞር፣ "ከበደችኝ።" ያሰርኩትን ቋጠሮ ልፈታ ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ነጋዴዎቹ ናቸው በዓሣ ቢላ የቆረጡት።

ገላዋን ለማጠብ ሳሙና አልነበረንም። ይሄን ታውቂ ኖሯል? እማማ ሊኔስ ቤት ለቤት ዞረው ጥፍር የምታክል ስባሪ ለምነው አመጡ፤ አሮጊቶቹ በእሷ አጠቧት። ልጁም ሳይወጣ አብሯት ተቀበረ። ለቅሶ አልመጣሽም። መንደሩ ጠየቀ፤ እኔ ግን ደንቡን አውቀዋለሁ፤ እናንተ የምትመጡት ከለቅሶው በኋላ ነው።

ፀጉራችንን ተላጭተን ሐዘን ካወጣን በኋላ መጣሽ። ኤኔሌስ ድምፅሽን ስትሰማ በጓሮ በር ወጥታ ሄደች። ያስታመመ ሰው ነው የሚጠየቀው፤ ስለዚህ እኔ ተቀመጥኩ። ላክሰን ከመኪናው አልወረደም። አንቺ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠሽ፣ ቀሚስሽን ጉልበትሽ ላይ አስተካክለሽ፣ ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣

"የሟች ስም?" አልሽኝ።

አየሁሽ። ዶሊካ የሚለውን ስም ከመጽሐፍሽ አንብበሽ ያወጣሽላት አንቺ ነበርሽ።

"ኤኒፋ…"

"ማሊዬ፣ እንደማላውቅ ሆኜ ነው መጠየቅ ያለብኝ። ሥራው እንደዚያ ነው። ስም?"

"ዶሊካ።"

"ከመሞቷ በፊት ደም ፈሷት ነበር?"

"አይተሻል።"

"አዎ ወይም የለም በዪኝ።"

"አዎ።"

"ብዙ ነበር?"

"በመስኮቱ በኩል ምን ያህል ታየሽ? እሱን ጻፊ።"

አንገትሽን ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። ይቺ ሴት አሁን ታብሌቱን ትዘጋለች፣ ተነሥታ ታቅፈኛለች፣ አብረን እናለቅሳለን ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ብታደርጊ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አንቺ ግን በጣትሽ ወደሚቀጥለው አለፍሽ።

"ወደ ሕክምና ለመሄድ መኪና አግኝታችሁ ነበር?"

መጀመሪያ የምትቀልጂብኝ መሰለኝ። ፊትሽን አየሁት። አትቀልጂም።

"አግኝተን ነበር" አልኩሽ።

"ማሊዬ…"

"አግኝተን ነበር። ነጭ ናት። ላክሰን የሚባል ሰው ነው የሚነዳት።"

"እንደሱ ብዬ ከሞላሁት ታብሌቱ 'የት አደረሳችሁ?' ይለኛል። መልስ ካልሰጠሁት ወደ ፊት አይሄድም።"

"የትም አላደረሰንም በዪው።"

"እንደሱ የሚባል መልስ የለውም።" ድምፅሽ ሹክሹክታ ሆነ። "አላገኘንም ብዬ ልሙላው። ያው ነው።"

ያው ነው! ጣትሽ ወረደ። "የለም" የሚለውን ስትነኪ አይቼሻለሁ። ፊደሉ በእኔ በኩል ተገልብጦ ነበር፤ ተገልብጦም አነበብኩት።

"ሕክምና ለመሄድ ስትወስኑ ዘግይታችሁ ነበር?"

"እናንተን ስንለምን የቆምነው ይቆጠራል?"

ታብሌቱን ወደ ራስሽ አዘንብለሽ ነካሽ፤ ያንን አላየሁትም። ስትጨርሺ ሳሙናውን በሁለት እጅሽ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሽ። "የእዝን ነው" አልሽ። ከዚያ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽ። ለምን እንደጠረግሽው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ንጹሕ ሳሙና ነው የነካሽው።

ያን ሳሙና ቤት ውስጥ ማሳደር አቃተኝ። ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። ሽታው ግን የትም አለ። ጎረቤቶቼ የታጠቡበት ነው፤ ልብሳቸው፣ አንሶላቸው፣ የሕፃኑ አንገት ሁሉ ይሸታል። ቤተ ክርስቲያን ሳጎነብስ ከፊቴ ከተቀመጠችው ሴት ልብስ ላይ ይመጣና ተነሥቼ እወጣለሁ። በዚህ መንደር ማን ማን እንደሞተ በአፍንጫዬ ብቻ መቁጠር እችላለሁ። እጄን ታጥቤ የበቆሎ ንሲማዬን ስቆርስ ይሸተኝና እተወዋለሁ። ኤኔሌስ፣ "ምግብ ካልበላሽ ሳሙና ትመጣልሻለች" አለችኝ አንድ ቀን፤ ከዶሊካ ወዲህ የቀለደችው እሱን ብቻ ነው፤ ቀልዱም የሆነው እንዲያ ነው።

አንቺን መጥላት አልሆነልኝም፣ ኤኒፋ። ሞክሬያለሁ። ልጆችሽ የሚማሩት በዚያ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ላክሰንም ቢባረር ሌላ ሥራ እንደማያገኝ አውቃለሁ። መጸየፍ ግን ሆነልኝ። በጥያቄያችሁ መሀል እናንተ ራሳችሁ እንደሌላችሁ አድርጋችሁ መቀመጣችሁ ነው ያንገሸገሸኝ። ሞታችንን ልትለቅሙ መንገዱን ሁሉ ታዳርሳላችሁ፤ መንገዱ ላይ ስንሞት ግን መኪና የለም ይባላል።

እንግዲህ ወደ ጨርቁ ልምጣ።

አለቃ እኔ አስመልሼ እስክረጋጋ ጠብቀው ቺቴንጄውን ዘረጉልኝ። ሰማያዊ ነው፣ ያምራል፣ ጠንካራ ነው። በላዩ በትልቅ ነጭ ፊደል "ሳንዘገይ እንሂድ" ተብሎ ታትሟል። አለቃ ደስ ብሏቸው አስረዱኝ። ጥናቱ አልቆ ውጤቱ ብላንታየር ውስጥ በትልቅ አዳራሽ ተነግሯል። እናቶቻችን የሚሞቱት እኛ ቤተሰቦቻቸው ሐኪም ቤት ለመሄድ በመወሰን ስለምንዘገይ ነው ተብሏል። አሁን ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ፍየል ይታረዳል፣ ሥራውም ይራዘማል። እኔ ይህን ጨርቅ አገልድሜ እንግዶቹ ፊት እንድቆም የመረጥሽኝ አንቺ ነሽ አሉ፤ "ማንበብ ታውቃለች፣ ጭምት ናት፣ ሰው ያምናታል" ብለሽ።

"ምን እንድል ነው?" አልኳቸው።

"ሁለት ቃል ናት ልጄ። 'ዘግይተን ነበር፤ አሁን ተምረናል' ትያለሽ። አለቀ።"

"አለቃ፣ እኛኮ አልዘገየንም።"

"እሱማ… ወረቀቱ ግን ዘግይታችኋል ይላል።"

"ወረቀቱ መንገድ ላይ አልነበረም።"

"በይ እንግዲህ እንዳታዋርጂኝ" ብለው ብስክሌታቸውን ይዘው ሄዱ።

ለራሴ ቢሆን ዝም እል ነበር። ዝም ማለት ለምጃለሁ። ግን የዶሊካ ታናሽ፣ ቲሱንጌ፣ አሁን እርጉዝ ናት። ዝናቡ ሲገባ ትወልዳለች። ጨርቁን አንሥታ ጽሑፉን አየችው፤ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። "አክስቴ፣ እኔ ሳልዘገይ ብወጣ መኪናዋ ትቆምልኛለች?" አለችኝ። ምን ልበላት? ለእህቷ "ዞረው ይመጣሉ" ብያለሁ። ያንኑ ሁለተኛ ማለት አልችልም።

ትናንት አለቃ መንደሩን ዛፉ ሥር ሰበሰቡ። ለሚራዘመው ሥራ እሺ እንድንል ነው። ሁሉም እሺ ሊል እጁን ሲያነሣ እኔ ተነሣሁ። ምቶንዶ ውስጥ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

"መጠየቃቸው ጥሩ ነው" አልኩ። "በምን እንደምንሞት ይታወቅ። ግን የሚጠይቁን ሰዎች መኪና በሕይወት ላለ ሰውም ትቁም። እስክትቆም ድረስ ከእኔ ቤት መልስ የለም። ሳሙናውንም እመልሳለሁ።"

"ማሊታ!" አሉ አለቃ። "ከመቼ ወዲህ ነው ምላስ ያወጣሽው?"

"ምላስማ ድሮም ነበራት" አሉ እማማ ሊኔስ ከኋላ። "የሚሰማት ነው የጠፋው። ቀጥይ ልጄ።"

"እማማ፣ ይሄ የመንደሩ ጥቅም ነው! ለቅሶ ቤት ሳሙና የሚሰጠን ሌላ ማን አለ?"

"ከለቅሶው በፊት የሚመጣ ይሻለናል። እኔ ስሞት ከመጡ ሬሳዬ ተነሥቶ ነው የሚያባርራቸው፤ ከአሁኑ ንገሯቸው!"

ቢቶን እጁን አወጣ። "ሳሙናው ይመለስ፣ እሺ። ስኳሩን ግን…"

"አንተ ዝም በል! እኔን ገድለህ ስኳር ልትልስ የነበርክ!"

ዛፉ ሥር ሳቅ ሆነ። ሳቁ ገና ሳይቆም ኤኔሌስ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ስትመለስ አንድ ሳሙና ይዛ ነበር፤ ለካ ያን እኔ የወረወርኩትን ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ አውርዳ አስቀምጣው ኖሯል። እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ሌሎቹም እየሄዱ ማምጣት ጀመሩ። ሙሉም፣ ግማሽም፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ የተፋቀ ርዝራዥም። የፍራንኮ ሚስት፣ "የእኔ አልቋል፤ በእሱ ያጠብኩት ባሌን ነው፣ እሱን ልላክላቸው?" አለች። አለቃ በመጨረሻ፣ "ለእንግዶቹ ምን እላቸዋለሁ?" አሉ። ቅርጫቱ ሲሞላ ሽታው ከበፊቱ ይብስ ነበር፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላቅለሸለሸኝም።

ዛሬ ላክሰን የእንግዶቹን ወንበርና ሰንደቅ ይዞ መጣ። ዓይኔን ማየት አቅቶት ጫማውን እያየ፣ "እትዬ ማሊታ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በመጋዘኑ በኩል አልነዳም። ዙሪያውን ነው የምሄደው" አለኝ።

"ነዳጁን ማን ይችልልሃል?"

"ቢሮው።"

አየሽ፣ ኤኒፋ። ከማፈር ለመሸሽ የሚሆን ነዳጅ አላችሁ።

"ቅርጫትና ደብዳቤ ለኤኒፋ ትወስድልኛለህ?" አልኩት። ቅርጫቱን ከፍቶ አየ። አንሥቶ የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠው። "ሳሙና መጫን አልተከለከልኩም" አለ። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። አሁን ውጪ ሞተሩን አጥፍቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ልጨርስ።

ከአንቺ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያን ጥያቄ መልሰሽ ክፈቺው። "መኪና አግኝታችሁ ነበር?" ለሚለው "አዎ" በዪበት። ታብሌቱ ወደ ፊት አልሄድም ካለ እዚያው ይቁም፤ እኛም እዚያው ነው የቆምነው። አለቆችሽ ለምን ቆመ ብለው ሲጠይቁሽ መኪናዋ የማን እንደነበረች ንገሪያቸው። እንግዶቹ ፊት አልቆምም። አንቺ ግን በእግርሽም ሆነ በብስክሌት ከመጣሽ፣ እንደ ድሮው ንሲማ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ። ለቅሶ ያለብሽ ይመስለኛል፤ እሱን አብረን እናለቅሳለን።

የማልመልሰው አንድ ነገር አለ። ጨርቁን አስቀርቼዋለሁ። እንዳልኩሽ ጠንካራ ነው፣ ስስበው አይቀደድም። ዝናቡ ቀርቧል። የቲሱንጌ ቀን ሲደርስ መኪናችሁ ገና በዚያ ደንብ የተያዘች ከሆነ፣ ከፍራንኮ ጀርባ ጋር የማስራት በዚህ ጨርቅ ነው። ጽሑፉ በእሷ ጀርባ በኩል እንዲውል አድርጌ አስረዋለሁ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ከኋላ በሚመጣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስኮቱን ዝቅ ሳያደርግ ሊያነበው ይችላል።

መንገዱ መሀል የቆመችው፣
ማሊታ